ምክሩ ለልጁ አይደለም

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው» ይላሉ አባቶች። ለጎረምሳ ደህና ተረት ነው። ላንቺ ልጅ ግን አይሆንም፤ ምክር የሚጠቅመው ለማያውቅ ሰው ነዋ! ይህ ልጅ ያውቃል። ደብተር የት እንደሚቀመጥ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር እንደሆነ፣ አስፋልት ሲሻገር ግራ ቀኝ እንደሚታይ ጠይቂው፤ አንድ ሳያስቀር ያነበንብልሻል። የቸገረው ያወቀውን በሚያስፈልግበት ደቂቃ መጠቀሙ ነው። ያቺ ደቂቃ ስትደርስ ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነው፤ እግሩም ዓይኑን ተከትሎ ሄዷል። ስለዚህ የእህቴ ልጅ፣ ዛሬ የምነግርሽን ወስደሽ እሱ ላይ እንዳትደግሚበት። ምክሩ ላንቺ፣ ለባለቤትሽ፣ ለመምህሩና ለግቢው ሰው ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። በግቢው «ቀዥቃዣ» ይሉታል። አከራያችሁ ሐጃ እየሳቁም ቢሆን «ሸይጣን» ይሉታል። መምህሩ «ሰነፍ» ብሎታል፤ አባቱ ሲናደድ «ባለጌ»። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት። የሰው ልጅ የጠሩትን ሆኖ ነው የሚገኘው፤ በተለይ ጠዋትም ማታም ከጠሩት። ሐኪሞች ይህን ጠባይ ኤዲኤችዲ ይሉታል። ትኩረትን መሰብሰብ፣ ሰውነትን ማሳረፍ፣ ችኮላን መግታት ለልጁ ከእኩዮቹ ይልቅ ሲከብደው ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ እንዲህ ናቸው ይባላል፤ ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል አራት መሆናቸው ነው። ልጅሽ ብቻውን አይደለም። መምህሩም ሦስት ሌሎች አሉበት።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ድሬሰር ነበርኩ። በ1977ቱ ድርቅ እዚህ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ፣ ድንኳን ክሊኒክ ውስጥ ስንሠራ የሚያስፈራን የሚሮጠው ልጅ አልነበረም። ዝም ብሎ የተቀመጠው፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ አርፎ የማያባርረው ነበር የሚያስፈራን። ተነሥቶ የገንፎ ድስት የገለበጠ ልጅ ሲገኝ ነርሶቹ ይስቁ ነበር፤ ነፍስ ዘራ ማለት ነው። ያ ካምፕ ተዘግቶ ከርሞ በኅዳር 2013 እንደገና ተከፈተ፤ ሌላ ትውልድ ገባበት። ያንን ያየ ሰው ቅብጥብጥ ልጅ አያስመርረውም። ግን ሕይወት አለው ብሎ መደሰት ብቻውን ልጅ አያስተምርም።

«ስልክ ያመጣው ጣጣ ነው» የሚሉሽን አትስሚ። ጆርጅ ስቲል የሚባል የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪም እንዲህ ያሉ ልጆችን ለባልደረቦቹ የገለጸው በፈረንጅ 1902 ነው። ከእሱ አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ፣ በ1798፣ አሌክሳንደር ክራይተን የሚባል የስኮትላንድ ሐኪም አንድ ነገር ላይ ቀልቡን ማሳረፍ ስለማይችል ሰው ጽፏል። ያን ጊዜ ስልክ የት ነበረ? ስኳርም አይደለም። ሱዳኖቹ ሻይ ላይ የሚጨምሩትን ስኳር ሳይ እኔም ለጥርሳቸው አዝናለሁ፤ ነገር ግን ስኳርን ለይተው የፈተኑ ሐኪሞች ልጅን ቀዥቃዣ እንደሚያደርግ አላገኙም።

ዋናው ምክንያት ዘር ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ መውረዱ ወደ ቁመት የሚጠጋ ነው። እናትሽን ነፍሷን ይማርና፣ ወጥ ጥዳ ፍም ልትጭር ጎረቤት ሄዳ እዚያው ሦስተኛውን ቡና ጠጥታ የምትመለስ ሴት ነበረች። ቁልፍ ጠፋ ብላ ቤት ስታገላብጥ ቁልፉ አንገቷ ላይ ይገኝ ነበር። ባለቤትሽም ቢሆን ሰሊጥ ገበያ ውስጥ በሁለት ስልክ ሁለት ሰው እያነጋገረ ለሦስተኛው በእጁ ዋጋ የሚያሳይ ሰው ነው። እንግዲህ ከየት አመጣው ትያለሽ? «ያንተ ቤተሰብ፣ ያንቺ ቤተሰብ» እየተባባላችሁ አትጣሉ። ከሁለታችሁም ሊሆን ይችላል፤ አስተዳደግ ያበላሸው ግን አይደለም።

በፈረንጅ 2007 አሜሪካ ውስጥ የብዙ ልጆችን አንጎል በምስል ያጠኑ ሐኪሞች አንድ ነገር አሳዩ። የአንጎል ቅርፊት ከፍተኛ ውፍረቱ ላይ ሲደርስ ሌሎቹ ልጆች ሰባት ዓመት ተኩል ገደማ ናቸው፤ እነዚህኞቹ ግን አሥር ዓመት ተኩል። መንገዱ ያው ነው፤ ሦስት ዓመት ይዘገያል። በይበልጥ የዘገየው ደግሞ ራስን የሚገታው የፊተኛው ክፍል ነው። ይህ ለእኛ ለገዳሪፍ ሰዎች እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። በዚህ ዋልካ መሬት ላይ ሰሊጥና ማሽላ በአንድ ክረምት ይዘራሉ፤ ሰሊጡ ጥቅምት ላይ ታጭዶ ሲታሰር ማሽላው ገና ቆሞ ነው። ለምን ከሰሊጡ እኩል አልደረስክም ብሎ ማሽላውን የሚገርፍ ገበሬ አላየሁም። ልጅሽ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአእምሮ ብስለቱ ዘጠኝ ነው፤ ሒሳቡን ይችላል። ራሱን በመግታት ግን ስድስት ነው ብለሽ ያዢው። ለስድስት ዓመት ልጅ የምታደርጊውን ማስታወስ፣ ማገዝ፣ አጠገቡ መቆም ለእሱም አድርጊ። «ትልቅ ሰው ሆነህ አታፍርም?» የሚለው ቃል ከአፍሽ አይውጣ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም።

አሁን አንቺ አጥብቀሽ ወደምትይው ልምጣ። «ጦርነቱ ያመጣበት ነው» ትያለሽ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ቅዳም ሹር ቀን፣ ካርቱም ላይ ተኩስ ሲጀመር ዴም ሰፈር የፋሲካ ዶሮ እያዘጋጀሽ ነበር። ያየሽውን አይተሻል፤ ልጁም አይቷል። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽና ረጋ ብለሽ መልሺልኝ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው? ያ ሁሉ ሳይመጣ የቤቱን ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የዘለለው ማን ነው? መዋዕለ ሕፃናት መምህሯ «ምንጣፍ ላይ አይቀመጥልኝም» ብላ ያስጠራችሽ መቼ ነበር? በሕክምናው ደንብ ምልክቶቹ ከአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ መቆየት፣ ደግሞም በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በቤትም በትምህርት ቤትም መታየት አለባቸው። ትምህርት ቤት ብቻ የሚረብሽ ልጅ ካለ ጥያቄው ለትምህርት ቤቱ ነው። ቤት ብቻ የሚረብሽ ከሆነ ቤቱን ማየት ነው።

በግቢያችሁ ያለችውን፣ ከወድ መደኒ በታኅሣሥ 2016 ተሰድደው የመጡትን ሰዎች ልጅ ተመልከቻት። እሷም ትምህርት አይገባትም ይላሉ፤ እሷም ትቁነጠነጣለች። ነገር ግን ሞተር ሲያልፍ ከአልጋ ሥር ትገባለች፤ ሌሊት ትጮኻለች፤ አልጋ ማርጠብ ጀምራለች። እናቷን ጠይቂያት፤ ከዚያ በፊት ጭምት ልጅ ነበረች። ይህ ድንጋጤ ነው። መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ደህንነት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ምግብ፣ ያው ሰው፣ ቀጥሎም የሚያዳምጣት ባለሙያ። ከውጭ ሲያዩዋቸው ሁለቱ ልጆች አንድ ይመስላሉ። አንዱን በሌላው መድኃኒት ብታክሚ ሁለቱንም ታጠፊያለሽ። ያንቺ ልጅ ላይ ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ስለዚህ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር ልብ በይ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ወደ ሐኪም ስትሄጂ ሌላም ሌላም ነገር አስመርምሪ። ጆሮውን። ጆሮው መግል ሲያወጣ የኖረ ልጅ ሲጠሩት የማይዞረው ንቆ አይደለም፤ አልሰማም። ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑ ፈጥጦ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ከሆነ የሚጥል በሽታ ቀላሉ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመድኃኒት የሚያዝ ነገር ነው። ደም ማነስ፣ ተመላልሶ የሚይዝ ወባ፣ በዚህ አካባቢ ደግሞ ካላ-አዛር ልጅን ያዝላሉ፣ ያነጫንጫሉ። እንቅልፍም አለ፤ እያንኮራፋ አፉን ከፍቶ የሚያድር ልጅ ቀን ላይ ወይ ይፈዛል ወይ ይቅበጠበጣል። ከሁሉ በላይ እኛን ስደተኞቹን የሚያሳስተን ቋንቋው ነው። ቤት አማርኛ፣ ግቢ ውስጥ የሱዳን አረብኛ፣ መጽሐፉ ላይ ደግሞ የመጽሐፍ አረብኛ። መምህሩ የሚናገረው ያልገባው ልጅ በመስኮት ቢመለከት ምን ይገርማል? በአማርኛ ተረት ስትነግሪው እስከ መጨረሻው የሚከተልሽ፣ ክፍል ውስጥ ግን የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ ቋንቋውን ጠርጥሪ።

እሺ፣ ሁሉንም አይተን ልጁ ይኸው ነው እንበል። ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

አንድ ነገር አንድ ጊዜ። አንቺ ከምድጃው ሥር ሆነሽ «ውሃ ቅዳ፣ በሩን ዝጋ፣ እህትህን ጥራት፣ ደግሞ ጫማህን አንሣ» ትያለሽ። እሱ የሰማው ውሃውን ነው፤ እሱንም በርሜሉ ላይ የተቀመጠች እርግብ እስኪያይ ድረስ። ተነሺ፣ ሂጂ፣ ትከሻውን ንኪው፣ ዓይኑን አግኚ፣ «ውሃ ቅዳ» በዪው፤ ከዚያ «ምን አልኩህ?» ብለሽ በራሱ አፍ አስደግሚው። ሲመለስ ሁለተኛውን ንገሪው። አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። መጮኹም ያደክማል፤ ልዩነቱ ይኸኛው ውሃ ያስቀዳል።

ሽልማቱም ቅጣቱም እዚያው በዚያው ይሁን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን። ጠዋት ላጠፋው ማታ አባቱ ሲመጣ ቢመታው ልጁ የሚያገናኘው ከአባቱ መምጣት ጋር ነው፤ ከጥፋቱ ጋር አይደለም። «አንደኛ ከወጣህ በዓመቱ መጨረሻ ብስክሌት» ማለትም ለእሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷን ሳያይ ይረሳታል። እኔ የማውቀው ርካሽ ነገር የለስላሳ ቆርኪ ነው። የወተት ጣሳ አጥበሽ ከፊቱ አስቀምጪለት። ቦርሳውን ከቦታው ሲሰቅል አንድ ቆርኪ፣ ሲጠሩት በመጀመሪያው ከመጣ አንድ፣ እህቱን ሳይመታ ከተናገራት አንድ። ሲገባ ኳ! ይበል፤ ድምፁ ራሱ ደስታ ነው። ማታ ቆጥሮ ይለውጠዋል፤ በገንዘብ አይደለም። ቡና ቆሊ እሱ ይሆናል፣ ወይም ከአባቱ ጋር ገበያ ይወርዳል፣ ወይም አንገረቡን፣ የገመድ አልጋውን፣ እሱ ከፈለገው ጥግ ያወጣዋል። ሦስት ነገር ብቻ ምረጪ፤ አሥር ካደረግሽው አንቺም ትረሺዋለሽ፤ የእናትሽ ልጅ ነሽና። አንዴ ያገኘውን ቆርኪ ደግሞ ተናደሽ እንዳትነጥቂው። ላቡን ነው። ሲለምደው ሽልማቱን መቀያየር አትርሺ፤ እነዚህ ልጆች ቶሎ ይሰለቻቸዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለዚህ ቤት ከተነገሩት ተረቶች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ጠዋት አንድ ጫማ የሚፈለገው፣ ደብተር የሚረሳው፣ ለቅሶ የሚሆነው ማታ ስላልታጠቃችሁ ነው። ሚስማር በሩ አጠገብ፣ በእሱ ቁመት ልክ ምቺለት፤ ቦርሳው እዚያ፣ ጫማው ከሥሩ፣ መብራት ሳይጠፋ። አንድ ክፍል ተከራይቶ ስድስት ሆኖ ለሚኖር ሰው «የጥናት ክፍል አዘጋጂ» አልልሽም። ግድግዳ ላይ አንድ ጥግ ይበቃል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባውን ወደ ግቢው አድርጎ የሚቀመጥበት።

የቤት ሥራውን በቡና ስኒ ለኪለት። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ቀትር ላይ ልጅ ደብተር ላይ ማስቀመጥ ከንቱ ድካም ነው፤ ፀሐይ ስትበርድ ቡና ታፈያለሽ አይደል? አቦል እስኪወጣ አራት ሒሳብ። ከዚያ ተነሥቶ ስኒ ያቀርባል። ቶና እስኪወጣ ሌላ አራት። ከዚያ ለሐጃ ስኒያቸውን ያደርሳል። በረካ እስኪወጣ የንባቡን አንድ ገጽ። ከበረካ በኋላ ደብተሩ ይከደን፤ ባይጨርስም። አንድ ሰዓት ሙሉ አልቅሶ የሠራው ሥራ በማግሥቱ ቢጠየቅ የለም፤ በሦስት ቁራጭ የሠራው ግን ይገኛል። ለእሱ ቡና አትስጪው፤ አንዳንዶች «ያረጋጋዋል» ይላሉ፣ የሚያደርገው ግን እንቅልፉን መንሣት ነው። በመካከል ተነሥቶ መንቀሳቀሱ ብልግና አይደለም፤ ሥራ አድርጊለት እንጂ። ሲቀመጥ እግሩ የሚወዛወዝ ከሆነ ይወዛወዝ። እግሩ ሲወዛወዝ ጆሮው ይሰማል።

ስለ ዱላ በአጭሩ። እኔ የተገረፍኩ ትውልድ ነኝ፤ ተገርፈን ሰው ሆንን እያልን እንፎክራለን፤ የጠፉት ስላልመጡ ነው የምንፎክረው። ዱላ ፈርቶ ራሱን ለሚገታ ልጅ ለጊዜው ይሠራ ይሆናል። ይህ ልጅ ግን ፍርሃቱ የሚደርስበት ከዘለለ በኋላ ነው። ትርፉ መዋሸትና መሸሽ ነው የሚሆነው። በዚህች ጠረፍ ከተማ ደግሞ ከቤት የሸሸ ልጅ ወዴት እንደሚሸሽ ታውቂያለሽ፤ የሐበሻ ቀን ሠራተኛ ወደ ማሳ የሚጭን መኪና ዕድሜ አይጠይቅም። ቅጣት ካስፈለገ አጭር ይሁን፤ ጥቂት ደቂቃ ከጨዋታው ወጥቶ መቀመጥ፤ ከዚያ ነገሩ አለቀ፣ እስከ ማታ አይነሣም።

ወደ ትምህርት ቤቱ እንሂድ። መምህሩን፣ ኡስታዙን፣ አትክሰሺው። እሱም ደመወዙ የዘገየበት፣ ክፍሉ ለተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ ሰው ነው። «ልጄ ኤዲኤችዲ አለበት» ብለሽ ብትጀምሪ ሰበብ ያመጣሽ ይመስለዋል። እንዴት አደሩ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ክረምቱ እንዴት ያዘዎት በዪ። ከዚያ አመስግኚው፤ የሚመሰገንበት አይጠፋም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው፦ ልጁ ከፊት፣ ከበሩና ከመስኮቱ ራቅ ብሎ፣ ረጋ ካለ ልጅ አጠገብ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ አያስወጣውም። እሱ ከተሳካ በሁለተኛው ጉብኝት ሁለተኛውን፦ ሲንቀዠቀዥ ሰሌዳ እንዲያጠፋ፣ ደብተር እንዲሰበስብ፣ ጠመኔ እንዲያመጣ ይላከው። ሦስተኛው፦ ዓይኑ ሲሄድ ስሙን በክፍሉ ልጅ ሁሉ ፊት ከመጥራት ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አድርጎ ይለፍ። በቃሉ ሲጠየቅ የሚያውቀውን በጽሑፍ የሚስት ከሆነ አንዳንዴ በቃሉ ይጠይቀው። ካንቺ ዘንድ ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይድረሰው፤ ቤት ምን እንደሠራችሁ። መምህር ብቻውን እንዳልቀረ ሲያውቅ እጁ ይላላል። አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም።

ስለ ሴቶቹ ልጆች አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ማንም አያነሣቸውምና። ወንዱ ይረብሻል፣ ስለዚህ ይታያል። ሴቷ ብዙ ጊዜ አትረብሽም። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ በሐሳብ ትሄዳለች። ጀሪካን ይዛ ውሃ ስትላክ ጀሪካኗን ጥላ ትመጣለች። «ፈዛዛ» ይሏታል፣ «ከመማር ቤት ብትውል ይሻላል» ይሏታል፣ ከዚያ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትዳር ይፈለግላታል። የልጅሽን እህት ተመልከቻት። ትናንት እጇ ላይ ያለውን ማማሰያ ስትፈልግ አይቻታለሁ። ሳቅሁ፤ እናትሽን አየሁባት። ግን ደብተሯንም ገልጬ አየሁ፤ እያንዳንዱ ገጽ በግማሽ የቀረ ነው። ለወንድሟ የምታደርጊውን ለእሷም አድርጊ፤ የእሷ ቆርኪ በሌላ ጣሳ ይሁን።

ጠበል ልትወስጂው እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል። ውሰጂው፤ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ጸሎት ልጅ አይጎዳም፤ እናትንም ያሳርፋል። ሱዳናውያኑም ወደ ባህል ፈዋሻቸው፣ ወደ ፈኪው ይሄዳሉ። ከነሱ ወገን የመጀመሪያው የአእምሮ ሐኪም የነበሩት፣ በፈረንጅ 1911 ተወልደው በ1970 ያረፉት ዶክተር ቲጃኒ አል-ማሂ፣ የባህል ፈዋሾችን ከማባረር ይልቅ ሥራቸውን ያጠኑ፣ ያከበሩ ሰው ነበሩ፤ በኦምዱርማን ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። ነገር ግን ቡዳ ነው ብሎ በጋለ ብረት የሚተኩስ፣ የሚያስር፣ በጭስ የሚያፍን፣ ለቀናት የሚያስርብ ቢመጣ ልጅሽን አንሥተሽ ውጪ። ያ ሃይማኖትም ሕክምናም አይደለም።

መድኃኒትም አለ። ሜቲልፌኒዴት ይባላል። በፈረንጅ 1944 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሊአንድሮ ፓኒዞን የሚባል ኬሚስት ሠራው፤ ሪታ እያለ ለሚጠራት ሚስቱ ሲል ሪታሊን አለው። ከስድስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች፣ የቤቱና የትምህርት ቤቱ ዘዴ ተሞክሮ ሲቀር፣ ልዩ ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል፤ ብዙዎቹንም ይረዳል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያዘገያል፤ ክብደትና የደም ግፊት እየተለካ ነው የሚሰጠው። እዚህ ጠረፍ ላይ ይህን መድኃኒትም፣ የሚያዝዘውን ሐኪምም ማግኘት ቀላል አይደለም። ካርቱም የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጦርነቱ ተበትነዋል። በመተማ በኩል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ። ለዚህ ብለሽ ግን መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ሰሞን እንዳትነሺ፤ ልጁ አጣዳፊ ሕመም የለበትም። ሰላም ሲሆንና ሌላ ጉዳይ ሲያገናኝሽ ታሳዪዋለሽ። እስከዚያ ገበያ ላይ «ያስተኛዋል» ብለው የሚሸጡትን ክኒን፣ የአዋቂ ማረጋጊያ ግማሹንም ቢሆን እንዳትሰጪው። የተኛ ልጅ የተማረ ልጅ አይደለም።

መቼም የማያስተኛኝ ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ከሌላው ይልቅ ይወድቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይሰበራሉ። ክረምት ሲገባ ሐፊሩ፣ የዝናብ ውሃ ኩሬው፣ ይሞላል፤ ልጁ የሚያስበው ከገባ በኋላ ነው። ዋና አስተምሩት፤ ብቻውን ግን አይውረድ። ጦርነት ካለፈበት መንገድ የመጣ ብረት እንዳይነካ በአንድ ቀን ምክር አትተዪው፤ በየሳምንቱ እየደጋገማችሁ አስታውሱት። ደግሞ አይበለውና እንደገና መነሣት ቢመጣ፣ መተማ ድልድይ ላይ ያለውን ግፊያ ታውቂዋለሽ፤ እጅ ለቆ የሚሮጠው የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው። ሙሉ ስሙን፣ ያንቺን ሙሉ ስም፣ የስልክ ቁጥርሽን በዜማ አስጠኚው፤ የዘፈነውን አይረሳም። ወረቀትም ከልብሱ ውስጥ ስፊበት።

«ሊቅ ነው፣ አንድ ቀን ዓለም ያውቀዋል» የሚሉሽንም እንደ ተሳዳቢዎቹ ቁጠሪያቸው። ይሆናል፣ አይሆንምም። ልጅ ዋጋ የሚኖረው ሊቅ ስለሆነ አይደለም። ግን እጁ የሚሄድበትን እዪ። ባለፈው የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ግማሽ ቀን ሳይነሣ ሲሠራ አይቼዋለሁ። ይህ የሚያሳየው ትኩረት እንደሌለው አይደለም፤ ባዘዙት ነገር ላይ ማዋል እንደሚቸግረው ነው። አባቱ «ለሬዲዮው ጊዜ፣ ለደብተሩ እምቢ» ብሎ የተቆጣው ለዚህ ነው፤ ተሳስቷል፣ ንገሪው። ሌላ የተበላሸ ሬዲዮ እኔ እሰጠዋለሁ።

አንቺም ሰው ነሽ። ሌሊት ተነሥተሽ እንጀራ ትጋግሪያለሽ፣ ቀን ትሸጫለሽ፣ ማታ ቆርኪ ቁጠሪ እልሻለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። በሳምንት አንድ ከሰዓት ልጁ እኔ ዘንድ ይዋል፤ አንድ ሌላ ቀን ሐጃ ይያዙት፣ ፍየላቸውን ያስጠብቁት፣ እሳቸው ከእሱ ጋር መከራከር ይወዳሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና ለግቢው ሴቶች ራስሽ ንገሪያቸው፤ ሌላ ስም ሳይሰጡት በፊት። የምትጮኺበት ቀን ይኖራል። በዚያን ቀን ማታ ይቅርታ ጠይቂው፤ ልጅ ይቅርታ ማለትን የሚማረው ከሌላ ከማንም አይደለም።

እሑድ ጠዋት ኡስታዙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን። አረብኛው ካንቺ፣ ሽበቱ ከእኔ። ልጁን ይዘሽው አትምጪ፤ ስለ እሱ ስንነጋገር ቆሞ መስማት የለበትም። እስከዚያ በደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፤ መቼ እንደተኛ፣ ምን ሲሠራ ጸጥ እንዳለ፣ ምን ሲሆን እንደተነሣ። ቆርኪውን ጥጉ ላይ ያለው ባለ ሱቅ እያጠራቀመልሽ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጁን ልከሽ አስመጪው፤ ሌላ ዕቃ ግን አብረሽ እንዳታዢው።